የመኪና ፖሊሽ ማሽን በዋት አይመረጥም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ መኪና ባላቸው ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። የመኪናውን ቀለም እቤቱ፣ በራሱ እጅ ፖሊሽ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ማሽን ይግዛ የሚለውን ይመልሳል። ጽሑፉን አንብበው ማሽን ሊገዙ የተነሡ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ከመግዛታቸው በፊት ሌላውንም ወገን እንዲሰሙ ብዬ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው። እውነተኛው ማሽን ሮታሪ (በአንድ መሃል ላይ የሚሽከረከረው) ነው፤ ዲኤ (ዱዋል አክሽን፣ ሁለት እንቅስቃሴ ያለው) የሚባለው መጫወቻ ነው። ዋቱ በበዛ ቁጥር ማሽኑ ይሻላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ ይሥራ። የጅማ ቀይ አቧራና ጭቃ ኃይለኛ ኮምፓውንድ (ቀለም የሚፍቅ ቅባት) እና የሱፍ ፓድ (ማሽኑ ላይ የሚለጠፍ ማሻ) ይፈልጋል። መኪናው በየወሩ ፖሊሽ ይደረግ። ማሽኑን አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢልከው ደግሞ ይረክሳል።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። መኪና እንደሚወዱ አጻጻፋቸው ያስታውቃል። በጨርቅ ብቻ በእጅ ቢያሹት ጭረት በቀላሉ አይለቅም ማለታቸውም ልክ ነው። ግን ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ሰው ቀለሙን ያጣል። ቀለም ደግሞ አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይበቅልም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ዛሬ ግቢያችን የቆመችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት የምታገለግለን ናት። ፋብሪካ የቀባውን ቀለም ጠብቆ ማቆየት ትልቅ ነገር ነው።

ከሮታሪና ከዲኤ ልጀምር። ጸሐፊው ልዩነቱ የኃይል ነው ይላሉ። አይደለም። ልዩነቱ የአዟዟር ነው። ሮታሪ ፓዱን በአንድ መሃል ላይ ቀጥ አድርጎ ያሽከረክረዋል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ነው። ሞተሩ በቀጥታ ነው የሚያዞረው፤ ስለዚህ ብትጫኑትም መዞሩን አያቆምም። ዲኤ ግን ሁለት እንቅስቃሴ አለው። ፓዱ በትንሽ ክብ እየተወዛወዘ፣ በዚያው ላይ በራሱም ቀስ ብሎ ይዞራል። ሞተሩ የሚያስገድደው መወዛወዙን እንጂ መዞሩን አይደለም። በጣም ከተጫናችሁት ወይም ጠርዝ ላይ ካጋደላችሁት መዞሩን ያቆማል።

ጽሑፉ ይህን መቆም እንደ ትልቅ ድክመት ነው የቆጠረው። እኔ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ አላውቅም። እጃችሁ ሲሳሳት ማሽኑ ሥራውን ያቆማል፤ ቀለሙ ይተርፋል። ሮታሪ ላይ እጃችሁ ሲሳሳት ማሽኑ ይቀጥላል። ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። በተለይ የበር ጠርዝ፣ የኮፈን መስመርና የፕላስቲክ ባምፐር ላይ አደጋው ብዙ ነው። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው። ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ብረት ሙቀቱን ወደ ሌላ ቦታ አያሰራጭም፤ እዚያው ይይዘዋል። ጥቂት ሰከንድ አንድ ቦታ ላይ መቆየት ቀለሙን በልቶ ከሥር ያለውን ለማሳየት ይበቃል።

ሌላም አለ። ልምድ የሌለው እጅ በሮታሪ የሠራው መኪና ጥላ ውስጥ ሲታይ ያምራል። ፀሐይ ላይ ስታወጡት ግን የማሽኑ መንገድ በሙሉ እንደ ጥላ ሆኖ ይታያል። ሙያተኞች ሆሎግራም ይሉታል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ መኪና ላይ በጣም ያስጠላል። እሱን ለማጥፋት በመጨረሻ የምትፈልጉት ማሽን ደግሞ ያው ዲኤ ነው።

ጽሑፉ በቁጥርም ያወዳድራል። ዲኤው ላይ 6,800 ተብሎ ተጽፎ ሮታሪው 3,000 ሆኖ ሳለ ሮታሪው የሚበልጠው የዲኤው ቁጥር ውሸት ስለሆነ ነው ይላል። ውሸት አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ነገር ነው የሚቆጥሩት። ሮታሪው ላይ የተጻፈው ሙሉ ዙር ነው። ዲኤው ላይ የተጻፈው ፓዱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው። የፓዱ የራሱ መዞር ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ምንም አይነግረንም።

ሮታሪ መጥፎ ማሽን ነው እያልኩ አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት በውሃ የተፈገፈገ ቀለም ድምቀቱን ለመመለስ፣ አዲስ ከተቀባ በኋላ የተንጠባጠበ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ግልጽ ሽፋን) ለማስተካከል፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ፖሊሽ ሲያደርግ ለሚውል ባለሙያ ሮታሪ ፈጣን ነው። ጋራዥ ውስጥ ቦታው የተከበረ ነው። ጥያቄው ግን የጋራዥ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ የራሱን መኪና ለሚያሳምር ሰው ነበር። ለእሱ መልሱ ዲኤ ነው።

በሁለቱ መሃል ያለውን ሦስተኛ ዓይነት ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም። ሞተሩ መወዛወዙንም መዞሩንም የሚያስገድድ ዲኤ አለ። ፍሌክስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኤክስሲ 3401 የሚባለው ማሽን የታወቀው ምሳሌ ነው። ውዝዋዜው፣ ማለትም ፓዱ የሚወዛወዝበት ክብ ስፋት፣ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብትጫኑት አይቆምም። እንደ ሮታሪው ጨርሶ አደገኛ አይደለም፤ እንደ ተራው ዲኤም ጨርሶ ይቅር ባይ አይደለም። እጅን ይነቀንቃል፣ ይከብዳልም። የለመደ ሰው ይወደዋል። ለመጀመሪያ ማሽን ግን አልመክረውም።

ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ስለ ማሽኑ ጉልበት ያወራል። ያ ጉልበት ስለሚያርፍበት ቀለም ውፍረት ግን አንድ መስመር የለውም። የኔ ቅሬታ በሙሉ ከዚህ ይነሣል።

ዘመናዊ የፋብሪካ ቀለም ብረቱ ላይ ከተነከረው መከላከያ ጀምሮ እስከ ላይኛው ክሊር ድረስ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። እንግዲህ የምታነሡት ጭረት፣ የሚመጣው ድምቀት፣ የሚቀረው መከላከያ ሁሉ ያለው በግማሽ ወረቀት ውፍረት ውስጥ ነው። ያችንም ቢሆን እስከ መጨረሻው ልንጠቀምባት አንችልም። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው ንጥረ ነገር ያለው ክሊሩ ውስጥ ነው። ክሊሩ ከሳሳ ዛሬ ቢያበራም ከጊዜ በኋላ ይነጣል፣ ይላጣል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደመናው ቢበዛም ፀሐይዋ ስትወጣ ጠንካራ ናት።

ይህ የፋብሪካ ቀለም ሲሆን ነው። እኛ ዘንድ ስንቱ መኪና ነው የፋብሪካ ቀለሙን እንደያዘ ያለው? አንዱ በር ተገጭቶ ባትላሜራ ቤት ገብቶ ወጥቷል። ፓራፋንጎው ስቱኮ ተሞልቶ ተቀብቷል። ጣሪያው ብቻ የመጀመሪያው ነው። አንዱ መኪና ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም፣ ሦስት ዓይነት ውፍረት አለ ማለት ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁ ከማሽኑ በፊት እሱን ተዋሱ። ብረት ላይ ይሠራል። ተራው መለኪያ ፕላስቲክ ባምፐር ላይ ምንም አይነግራችሁም። ቁጥሩ ከ80 በታች ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። 300 እና 400 ካለ ደግሞ አትደሰቱ፤ ከሥር ስቱኮ ወይም ድርብ ቀለም አለ ማለት ነው እንጂ ክሊሩ ወፍሯል ማለት አይደለም።

መለኪያ ከሌለ ሁለት ቀላል ሙከራ አለ። አንደኛው፣ በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ በእጅ አሹ። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከመጣ ክሊር የለውም፤ ቀለሙን ራሱን ነው የምትፍቁት። መኪናው ነጭ ከሆነ ጨርቁ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ይሁን፤ አለዚያ አይታወቅም። ቆየት ያሉ ነጭ መኪናዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው፣ በድጋሚ የተቀባ ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ክፍል በማይታይ ጥግ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ነካ አድርጉት። ቀለሙ ከሟሟ ናይትሮ የሚባለው በቲነር የሚሟሟ ቀለም ነው። ናይትሮ ሙቀት አይወድም፤ ይለሰልሳል። እሱ ላይ የጽሑፉን ሮታሪ ይዞ መሄድ ቀለሙን መላጥ ነው።

ጭረቱን ደግሞ በጥፍራችሁ ፈትሹት። ጥፍራችሁ የሚይዘው ጭረት በፖሊሽ አይወጣም። እሱን እስኪጠፋ ድረስ ልከተለው ያለ ሰው ክሊሩን ጨርሶ ነው የሚያቆመው። አንዳንድ ጭረት እንዳለ መኖር አለበት። ዙሪያው ሲያበራ ዓይን አያርፍበትም።

ስለ ዋቱ ብዙ አልልም፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሩፔስ የተባለው የጣልያን ኩባንያ የሚሠራው ቢግፉት ኤልኤችአር 15 በመኪና ማሳመር ሙያ ውስጥ ስሙ የተጠራ ማሽን ነው። ዋቱ 500 ነው። ሱቅ ውስጥ ስም በሌለው ካርቶን ላይ 1,400 እና 1,600 ተብሎ የተጻፈውን ታያላችሁ። የሚጻፈው ዋት ማሽኑ ከመስመር የሚስበው እንጂ ፓዱ ላይ የሚያደርሰው አይደለም። በዚያ ላይ የቀረው ሙቀት ሆኖ እጃችሁን ያሞቃል። ለቤት ሥራ ከ500 እስከ 900 ዋት በቂ ነው። ከዋቱ ይልቅ ፍጥነት መቀየሪያው በትክክል ይሠራል ወይ፣ ሲነሣ በዝግታ ነው ወይስ በድንገት ይዘላል፣ የሞተሩ ካርቦን ሲያልቅ የሚቀየር ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የካርቦን መቀየሪያ ቀዳዳው ከውጭ የሚታይ ማሽን ከአንድ ዓመት በላይ አብሯችሁ ይኖራል።

ግራይንደሩ ላይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። እዚህ ላይ ጽሑፉ ቀለም ብቻ ሳይሆን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ምክሩ ለምን እንደሚያሳምን ይገባኛል። ግራይንደር በየብረታ ብረት ቤቱ አለ። የስፖንጁ መያዣ ብሎን ከግራይንደሩ ጋር ይገጥማል፤ የተለመደው ኤም 14 ጥርስ ሁለቱም ላይ አንድ ነው። ስለዚህ ገጠመ፣ ዞረ፣ ሠራ ይባላል። ግን ተራ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ነው የሚዞረው። 125 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ በዚህ ፍጥነት ሲዞር ዳር ዳሩ በሰከንድ 72 ሜትር ይሄዳል። ይህ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያው ስፖንጅ ሮታሪ ላይ በ1,500 ዙር ሲሠራ ዳሩ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ነው። ሰባት እጥፍ ልዩነት አለ። ስፖንጁን የሚይዘው ቬልክሮ በሙቀት ይለሰልሳል። ሲለቅ ስፖንጁ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። አንዳንዱ ደግሞ ስፖንጁ አልገባ ሲለው የግራይንደሩን መከለያ ያወልቃል።

ፍጥነት መቀየሪያ ያለው ግራይንደርስ ብትሉኝ፣ ብዙዎቹ ዝቅተኛው ፍጥነታቸው 2,800 አካባቢ ነው። እሱ የሮታሪ የመጨረሻ ፍጥነት ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ግራይንደር ከሚገጥም በእጁ ይሥራ። በእጅ ጥሩ ስፖንጅ፣ ለስላሳ ፖሊሽና ትዕግሥት ይዞ አንድ ኮፈን ቢሠራ ቢያንስ አይጎዳም። ትራፓኖ ያለው ደግሞ ትንሽ ስፖንጅ ገጥሞ የደበዘዘ የፊት መብራት ሊያጠራ ይችላል። ለመብራቱ ጥሩ ነው። ለቀለሙ አልመክርም፤ በአንድ እጅ የተያዘ ትራፓኖ ቀጥ ብሎ አያርፍም።

አሁን ወደ ጅማ አቧራ። ጽሑፉ አፈራችን ቀይ ነው፣ ጭቃችን ይጣበቃል፣ ስለዚህ የሱፍ ፓድና ኃይለኛ ኮምፓውንድ ያስፈልጋል ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ዝናቡ ረጅም ነው። ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ወደ ሰፈር የገባ መኪና እስከ መስኮቱ ቀይ ሆኖ ነው የሚመለሰው። በበጋ ደግሞ ያው ጭቃ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ከመጀመሪያው አይወጣም። አቧራ የሚለቀው በውሃና በሻምፖ ነው። ኮምፓውንድ አቧራ ማንሻ አይደለም፤ ቀለም መፋቂያ ነው።

እንዲያውም መኪናችን ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የምናየው የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት ከየት እንደመጣ ብንጠይቅ መልሱ ከመንገዱ ይልቅ ከእጃችን ነው የሚመጣው። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው ወይም ልጁ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ይጠርግልናል። አመስግነን እንወጣለን። ያ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። ደረቅ ጨርቅ ላይ ሆኖ ሲታሽ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ብዙ ላቫጆ ውስጥም ጎማ የታጠበበት ስፖንጅ ተመልሶ ኮፈን ላይ ይወጣል። ይህ ሳይቆም የዓለም ምርጡ ማሽን ቢገዛ በሁለተኛው ሳምንት ጭረቱ ተመልሷል።

ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ሁለት ባልዲ ግዙ። አንዱ የሻምፖ፣ አንዱ የማለቅለቂያ። መጀመሪያ ጭቃውን ሳትነኩ በውሃ ብቻ አውርዱት። ከዚያ ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች እጠቡ፤ ጓንቱን ወይም ስፖንጁን በየክፍሉ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጎማው የራሱ ጨርቅ ይኑረው። መኪናውን የሚያብስላችሁንም ሰው በቁጣ ሳይሆን አስረድታችሁ ደረቅ ጨርቁን አስተዉት። አቧራ ብቻ ከሆነ ይቆይ። መኪና አቧራ ለብሶ ቢውል ነውር የለውም።

ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ከሻከረ የተጣበቀ ነገር አለ ማለት ነው። እሱ በክሌይ ባር (እንደ ሊጥ ለስላሳ የሆነ ማጽጃ) እና በሻምፖ ውሃ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ነው ማሽን የሚነሣው። ሲነሣም ከለስላሳው ነው የሚጀመረው። መካከለኛ ስፖንጅና ለስላሳ ፖሊሽ ይዛችሁ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ሞክሩ። ካልበቃ ፓዱን አንድ ደረጃ አጠንክሩ። አሁንም ካልበቃ ኮምፓውንዱን። ከሱፍ የጀመረ ሰው ግን መካከለኛው ይበቃው እንደነበር በፍጹም ሊያውቅ አይችልም፤ ቀለሙ ሄዷል።

የወፍ ኩስ ነገርም አለ። ዛፍ ሥር የሚያቆም ሰው ያውቀዋል። ሳይውል ሳያድር በእርጥብ ጨርቅ አለስልሳችሁ አንሡት። ክሊሩን በልቶ የገባውን ማሽን ላያወጣው ይችላል።

በየወሩ ፖሊሽ የሚለው ምክር ከላይ ካለው የማይክሮን ሒሳብ ጋር ራሱ ይጣላል። እያንዳንዱ የኮምፓውንድ ሥራ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ከክሊሩ በጤና ሊነሣ የሚችለው ደግሞ ትንሽ ነው። በየወሩ የሚደረገው እጥበትና ሰም ነው። ሰም አይፍቅም፤ ይሸፍናል። አንድ መኪና በደንብ አንዴ ፖሊሽ ከተደረገ በኋላ አጥባቂው ጠንቃቃ ከሆነ ዓመትና ከዚያ በላይ ማሽን ሳያይ ይቆያል።

የአሜሪካውን ማሽን በተመለከተ ጽሑፉ የዘነጋው ነገር ገንዘብ ያስከፍላል። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። ጽሑፉ በስም የጠራው ፖርተር ኬብል 7424 ኤክስፒ የሚሸጠው ለዚያ መስመር ነው። አስማሚ ስፒና ብቻ ገጥሞ ግድግዳ ላይ የሰካው ሰው ጭስ ነው የሚያየው። ስፒናው ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀይርም። ኸርዙ፣ ማለትም የእነሱ 60 የእኛ 50 መሆኑ፣ ካርቦን ላለው ሞተር ይህን ያህል ችግር አይደለም። ችግሩ ቮልቱ ነው። ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ከገዛችሁ ይሠራል፤ ግን ከማሽኑ ዋት በደንብ ከፍ ያለ መሆን አለበት። የእሱን ዋጋና ክብደት ስትደምሩ የተባለው ርካሽነት የት እንደገባ ራሳችሁ ፈልጉት። ዘመድ መላክ ከፈለገ ፓድ፣ ፖሊሽና ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይላክ። እነሱ ቮልት አይጠይቁም፤ ቀላልም ናቸው። ማሽኑን ዱባይ ወይም አውሮፓ ከሚመላለስ ሰው ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይሻላል።

መብራት ስለሚጠፋ ባለ ባትሪ ይግዙ ያሉኝ ሰዎችም አሉ። ጽሑፉ ባያነሣውም ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለ ባትሪው ደህና ነው፤ ግን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ቢያንስ ሁለት ባትሪ ካልያዛችሁ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። በቤታችሁ ቀድሞ የአንድ ኩባንያ ባትሪና ትራፓኖ ካላችሁ የዚያኑ ኩባንያ ፖሊሸር መግዛት ብልህነት ነው። ከሌላችሁ ገመድ ያለው ይበቃል፤ መብራት ከጠፋ ሥራው ለነገ ይደር። ማራዘሚያው ቀጭንና ረጅም አይሁን። ማታ ማታ መስመሩ በሚደክምበት ሰዓት ቀጭን ገመድ ሲጨመርበት ማሽኑ ያቃስታል።

እንግዲህ ምን ልግዛ ለሚለኝ የጅማ ሰው መልሴ ይኸው። ውዝዋዜው 12 ወይም 15 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የ5 ኢንች ፕሌት (ፓዱ የሚለጠፍበት ክብ መያዣ) ያለው ዲኤ ግዙ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ዲኤ የግድ ከሆነ ትልቁን፣ ባለ 21ዱን ይላል። ባለ 21 ሚሊ ሜትሩ ለትልልቅና ጠፍጣፋ ክፍል፣ ለላንድክሩዘር ኮፈን ጎበዝ ነው። ቪትዝና ያሪስ ግን ጎባጣ ናቸው። ጉብታው ላይ ትልቁ ውዝዋዜ ቶሎ ይቆማል። 8 ሚሊ ሜትሩም ይሠራል፤ ቀስ ይላል እንጂ። ከተቻለ የ3 ኢንች ፕሌት በኋላ ጨምሩ፤ ለመስታወቱ ሥርና ለባምፐሩ ጠባብ ቦታ ያስፈልጋል።

ከማሽኑ ዋጋ የተረፈውን ብር ፓድ ላይ አውሉት። አንድ መኪና በአንድ ፓድ አይጨረስም። አራት ወይም አምስት መካከለኛ፣ ሁለት ለስላሳ፣ አንድ ጠንካራ ይኑራችሁ። ፓድ በፖሊሽና በተፋቀ ቀለም ሲሞላ መቁረጡን ትቶ ማሞቅ ይጀምራል። በየክፍሉ በብሩሽ አራግፉት። ውድ ማሽንና አንድ የቆሸሸ ፓድ ካለው ሰው፣ መካከለኛ ማሽንና ብዙ ንጹሕ ፓድ ያለው የተሻለ ይሠራል።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ማሽኑን ሰክተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሡት፤ ከእጃችሁ መዝለል የለበትም። የሚጮኸውን ሳይሆን የሚንቀጠቀጠውን ልብ በሉ። ፕሌቱን በእጃችሁ አዙሩት፤ ያለ መንገጫገጭ መዞር አለበት። ጀርባው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት መባሉን አንብቡ።

እቤት ስትደርሱ በፕሌቱ ጎን ላይ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ስትሠሩ መስመሩን እያያችሁ ሥሩ። ሲዞር ካያችሁት ፓዱ እየሠራ ነው። መስመሩ ባለበት ከተንቀጠቀጠ ተጭናችሁታል ወይም አጋድላችሁታል፤ ላላ አድርጉት። ፖሊሹን ፍጥነት መቀየሪያውን 1 ላይ አድርጋችሁ ቀቡት፣ 4 ወይም 5 ላይ አድርጋችሁ ሥሩት። እጃችሁን በሰከንድ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሱ፤ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች እያቋረጣችሁ። ጠርዞቹን አስቀድማችሁ በፕላስተር ሸፍኑ። ገመዱን ትከሻችሁ ላይ ጣሉት፤ ቀለሙ ላይ እንዳይጎተት። ነጠላ ወይም ሻርፕ አውልቁ፣ መነጽር አድርጉ።

ሥራው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ጣሪያ ከሌለ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት። የሞቀ ቆርቆሮ ላይ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል። በበጋ ግቢው አቧራማ ከሆነ መኪናው ከመታጠቡ በፊት መሬቱን ውሃ እርጩበት። ማሽኑን የምትሰኩት ግን ውሃው ሙሉ በሙሉ ከሰረገ በኋላ ነው፤ የማራዘሚያው ሶኬትም መሬት ላይ ሳይሆን በርጩማ ላይ ይቀመጥ።